ከአዳማ እስከ ናይሮቢ በራስ መኪና፦ ስለ መንገድ ክፍያና ስለ ሰው ሀገር ደንብ ያነሣሁት ጥያቄና የተሰጡኝ መልሶች

የአዳማ ነዋሪ ነኝ። ሥራዬ በሳምንት ሦስትና አራት ጊዜ አዲስ አበባ ስለሚያመላልሰኝ የክፍያ መንገድ ለእኔ እንግዳ ነገር አይደለም፤ መግቢያው ላይ ካርድ እቀበላለሁ፣ መውጫው ላይ ካርዱን መልሼ እንደ ርቀቱና እንደ መኪናው ዓይነት እከፍላለሁ፣ ከዚያም አልፋለሁ። የአዲስ አዳማ የፍጥነት መንገድ እ.ኤ.አ. በ2014 ሲከፈት በሀገራችን የመጀመሪያው የክፍያ መንገድ ስለነበረ እኛ የአዳማ ሰዎች ከሌላው ቀድመን ለምደነዋል። ከፋሲካ በኋላ ግን ናይሮቢ የሚኖረው ታላቅ ወንድሜ ልጁን ስለሚድር፣ እናቴን፣ ባለቤቴንና ሁለት ልጆቼን ይዤ በሞያሌ በኩል በራሳችን መኪና ለመሄድ አስቤያለሁ። ከሀገር ውጭ ነድቼ አላውቅም።

ጥያቄዬን በኢንተርኔት ላይ ላለ የመንገደኞች መወያያ መድረክ ያቀረብሁት ሦስት ነገር ለማወቅ ነበር። አንደኛው፣ ናይሮቢ ላይ የተሠራው የክፍያ መንገድ በምን እንደሚከፈልበትና ካርዱን አስቀድሞ መግዛት ግዴታ መሆን አለመሆኑ ነው። ሁለተኛው፣ ድንበር ላይ ለመኪናው የሚጠየቁት ወረቀቶች ናቸው። ሦስተኛው፣ እኛ ሳናውቅ ልንጥሳቸው የምንችላቸው የሀገሬው ደንቦች የትኞቹ እንደሆኑ ነው። አላወቅሁም ነበር ማለት በሰው ሀገር ከቅጣት አያድንም፤ እናቴን መኪና ውስጥ አስቀምጬ መንገድ ዳር ከትራፊክ ጋር መከራከርም አልፈልግም። 19 መልሶች መጡ። ብዙ ቁም ነገር በክርክሩ መሐል ተበታትኖ ስለቀረ፣ ተመሳሳይ ጉዞ ለሚያስብ ሰው እንዲጠቅም የመልሶቹን ፍሬ ነገር በየተራቸው አስፍሬዋለሁ።

1ኛው መልስ ከሐዋሳ የመጣ ነው። ጸሐፊው በጉዞ ሥራ ላይ የቆዩና እንግዶችን ወደ ኬንያ ያመላለሱ ሰው ናቸው። ሰላምታቸውን በትሕትና አቅርበው፣ የመንገድ ክፍያው ናይሮቢ ሳይደረስ ከሀገር ቤት እንደሚጀምር አስታወሱኝ፤ ከሞጆ ወደ ሐዋሳ የሚወስደው የፍጥነት መንገድ ክፍል በክፍል የተሠራና የሚከፈልበት ነው። ከሐዋሳ ዲላን፣ ቡሌ ሆራን፣ ያቤሎንና ሜጋን አልፎ ሞያሌ ለመድረስ 500 ኪሎ ሜትር ያህል አለ። ከሞያሌ በማርሳቢት በኩል ኢሲዮሎ ለመድረስ ደግሞ ሌላ 500 ኪሎ ሜትር ያህል ይቀራል። ይህ የኬንያው ክፍል ቀድሞ ጎማ የሚበላ ኮረኮንች ነበር፤ ዛሬ እስከ ናይሮቢ ድረስ አስፋልት ሆኗል። አስፋልት በመሆኑ ግን መንገዱን በአንድ ቀን እጨርሳለሁ የሚል ሐሳብ እንዳይመጣብኝ፣ ያቤሎ ወይም ሞያሌ አድሬ በማለዳ እንድሻገርና በኬንያው በኩል በሌሊት እንዳልነዳ አጥብቀው መከሩኝ። የመኪናውን ሊብሬ፣ ፓስፖርቶቻችንን፣ መንጃ ፈቃዴን፣ ከጉምሩክ የሚሰጠውን ጊዜያዊ የመውጫ ፈቃድና ቢጫ ካርዱን እንዳልረሳም ዘረዘሩልኝ። ሊብሬው በሌላ ሰው ስም ከሆነ ደግሞ በሰነዶች ማረጋገጫ የተመዘገበ ውክልና ያስፈልጋል።

2ኛዋ መልስ ሰጪ ስለ ቢጫ ካርድ መጨነቅ እንደማያስፈልገኝ በሙሉ ልብ ጻፈች። እርሷ ከዓመታት በፊት ወደ ውጭ ስትሄድ ክትባት ወስዳ ካርዱ በዚያው እንደተሰጣት፣ እስከ ዛሬም በቦርሳዋ እንዳለ ገለጸች።

3ኛው መልስ ይህን ያረመ ነው፤ በዚህ ክር፣ ማለትም በዚህ የጥያቄና የመልስ ሰንሰለት፣ ውስጥ ከሁሉ በላይ የጠቀመኝም እርሱ ነው። ጸሐፊው በመድን ሥራ ላይ ያለ ሰው ነው። ሰዎች ቢጫ ካርድ እያሉ በአንድ ስም የሚጠሯቸው ሁለት የተለያዩ ወረቀቶች እንዳሉ፣ በዚህ የተነሣም ድንበር ላይ ደርሰው የሚመለሱ ቤተሰቦች እንደሚያጋጥሙ አስረዳ። አንደኛው የቢጫ ወባ ክትባት ማስረጃ ነው። ኢትዮጵያ በሽታው ሊኖርባቸው ይችላል ከሚባሉት ሀገሮች አንዷ ስለሆነች ተጓዡ ይህን ሊጠየቅ ይችላል፤ ወረቀቱም የሰውየው ነው። ሁለተኛው የመኪናው ነው። የምሥራቅና የደቡባዊ አፍሪካ የጋራ ገበያ፣ በአጭሩ ኮሜሳ፣ የሚያስተዳድረውና እ.ኤ.አ. ከ1987 ጀምሮ የሚሠራው የሦስተኛ ወገን መድን ሲሆን፣ ሀገር ውስጥ ያለንን የሦስተኛ ወገን ሽፋን ድንበር ያሻግረዋል። የሚሰጠውም እዚሁ ሀገር ቤት በመድን ድርጅት በኩል ነው። በእኛ መኪና በሌላ ሰው ላይ ለሚደርስ ጉዳትና ለድንገተኛ ሕክምና ወጪ ያገለግላል። የራሴን መኪና ጉዳትም ሆነ ስርቆት ግን አይሸፍንም፤ ጸሐፊው ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው ብሎ ደጋግሞ አሳሰበ። የምነዳባቸው ሀገሮች በሙሉ በካርዱ ላይ ተለይተው መመልከት አለባቸው። ታንዛኒያ የኮሜሳ አባል ባትሆንም ካርዱን ስለምትቀበል፣ ወንድሜ ከሰርጉ በኋላ ወደ አሩሻ ሊወስደን ካሰበ አስቀድሜ ማስጻፍ እንደሚሻለኝም ጨመረ። 2ኛዋ መልስ ሰጪ ተመልሳ አመሰገነችው፤ ስሕተቷን ያለ አንዳች ቅሬታ መቀበሏን አደነቅሁ።

4ኛው መልስ ናይሮቢ ለብዙ ዓመታት ከኖረ ወገናችን የመጣ ሲሆን የመጀመሪያውን ጥያቄዬን በቀጥታ መለሰው። የናይሮቢው የክፍያ መንገድ እ.ኤ.አ. በሜይ 2022 ለተሽከርካሪ የተከፈተ፣ 27 ኪሎ ሜትር ርዝመት ያለውና ከከተማው ደቡብ ምሥራቅ ካለችው ከምሎሎንጎ ተነሥቶ በጆሞ ኬንያታ አውሮፕላን ማረፊያ አጠገብ አልፎ ዌስትላንድስ የሚደርስ ነው። ከፊሉ በድልድይ ላይ ሆኖ ከነባሩ መንገድ በላይ ይሄዳል። ክፍያው በሦስት መንገድ ይፈጸማል፤ በጥሬ ገንዘብ፣ አስቀድሞ ሒሳብ በተሞላ ካርድ፣ ወይም መስተዋት ላይ በሚለጠፍ መሣሪያ። ስለዚህ ለአንድና ለሁለት ጊዜ ለሚያልፍ እንግዳ ካርድ መግዛት ግዴታ አይደለም፤ በኪሱ የኬንያ ሽልንግ መያዙ ይበቃዋል። የፍጥነቱ ጣሪያ በሰዓት 80 ኪሎ ሜትር ስለሆነ፣ በአዲስ አዳማ መንገድ የለመድነውን ፍጥነት እዚያ መድገም ያስቀጣል። ሞተር ብስክሌት፣ ባጃጅና እግረኛ አይገቡበትም። ጸሐፊው ይህን ሁሉ ከነገረኝ በኋላ ወንድሜ የሚኖርበትን አካባቢ ጠየቀኝ፤ ጥያቄው ምን ያህል ቁልፍ እንደነበረ የገባኝ ኋላ ነው።

5ኛውን ራሴ ጻፍሁ፤ ወንድሜ በምሎሎንጎ አቅጣጫ እንደሚኖር ገለጽሁ።

6ኛው መልስ የዚያው የናይሮቢው ሰው ነው። ከሞያሌ የሚመጣ ሰው ናይሮቢ የሚገባው ከሰሜን፣ በቲካ መንገድ ነው፤ ሰፊው የቲካ መንገድ ደግሞ አይከፈልበትም። ስለዚህ ለሳምንታት ስጨነቅበት የነበረው የክፍያ መንገድ፣ ካልፈለግሁት፣ ፈጽሞ በመንገዴ ላይ አይመጣም። ሩይሩ አካባቢ ከቲካ መንገድ ወጥቼ የምሥራቁን ማለፊያ መንገድ ብይዝ ከተማውን ሳልነካ በአውሮፕላን ማረፊያው አቅራቢያ ከሞምባሳ መንገድ ጋር እገናኛለሁ፤ ከዚያ ምሎሎንጎ ሩቅ አይደለም። ከተማውን ማየት ከፈለግሁ መሐል ከተማ ገብቼ ወደ ላይኛው የክፍያ መንገድ መውጣት እችላለሁ፤ ከሥሩ ያለው ነባር መንገድም እንደ ቀድሞው በነጻ ነው፣ ብቻ ይጨናነቃል። ሰው ስለ ክፍያ ከመጠየቁ በፊት ካርታ ዘርግቶ በየት በኩል እንደሚገባ ቢያይ ግማሹ ጭንቀቱ ይቃለላል ሲል በለዘበ ቃል ወቀሰኝ፤ ወቀሳው ይገባኝ ነበር።

7ኛውና 8ኛው መልሶች ከጉዳዩ ወጡ። አንዱ መሐል ናይሮቢ ውስጥ በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ስም የተሰየመ ትልቅ ጎዳና መኖሩን ሲያነሣ፣ ሌላው አዲስ አበባ ውስጥ ያለውን የጆሞ ኬንያታ መንገድ አስታወሰ፤ የሁለቱን ሀገር ወዳጅነት እያነሡ ጥቂት ተጨዋወቱ። ደስ ብሎኝ አንብቤዋለሁ።

9ኛው መልስ የክሩን መንፈስ ለወጠው። ጸሐፊው እናትን፣ ሚስትንና ሕፃናትን ጭኖ ወደ 1,500 ኪሎ ሜትር ያህል መንዳት ኃላፊነት የጎደለው ሥራ መሆኑን፣ ከቦሌ ናይሮቢ በአውሮፕላን ሁለት ሰዓት ያህል ብቻ እንደሚፈጅ፣ የነዳጁን፣ የማደሪያውንና የመድኑን ወጪ ደምሮ ያላየ ሰው ስለ ጥቂት ሽልንግ የመንገድ ክፍያ መጠየቁም እንደሚያስገርመው በጠንካራ ቃል ጻፈ። ቃሉ ቢከብደኝም ስለ እናቴ ድካም ያለውን አልጣልሁትም። አዳማ ላይ ከቤተሰቤ ጋር ተነጋገርን። እናቴ አባታችን በወጣትነቱ ያገለገለበትን የያቤሎን አገር በዓይኗ ሳታይ እንደማትሞት ከተናገረች ዓመታት አልፈዋልና ከመኪናው አልወርድም አለች። ይህንኑ ለጸሐፊው አስረዳሁት፤ መንገዱን በሁለት ቀን ሳይሆን በአራት ቀን ከፍለን እንደምንጓዝም ነገርሁት።

10ኛው መልስ በጅቡቲ መስመር ከ20 ዓመት በላይ ከባድ መኪና ያሽከረከሩ የአዳማ ሰው ነው። 9ኛውን ጸሐፊ በአባት ቃል ገሠጹት፤ መንገደኛ መንገድ ሲጠይቅ መንገዱን ማሳየት እንጂ ከቤት አትውጣ ማለት መልስ እንዳልሆነ ተናገሩ። ከዚያ ወደ ሥራው ገቡ። በጋላፊም ሆነ በደወሌ በኩል ሲያልፉ የተማሩት ነገር አንድ ነው፤ ድንበር ላይ ሰው የሚጉላላው በሌለው ወረቀት ሳይሆን ባለውና ባላገኘው ወረቀት ነው። በኋላ ሊብሬው በእናት ቦርሳ፣ መድኑ በኪስ፣ የጉምሩኩ ፈቃድ በወንበር ሥር ሆኖ ሰዓታት ያልፋሉ። እርሳቸው ሁሉንም በአንድ አቃፊ፣ በሚጠየቁበት ቅደም ተከተል አስቀምጠው፣ ኮፒውን በሌላ ቦታ ይይዛሉ። ማኅተም የተመታበትን የመውጫ ወረቀት የጣለ ባልደረባቸው መኪናው ከሀገር ለጊዜው የወጣ እንጂ የተሸጠ አለመሆኑን ለማስረዳት ቀናት ፈጅቶበታል። ሞያሌ ላይ እ.ኤ.አ. በዲሴምበር 2020 የተመረቀው የጋራ የድንበር ጣቢያ የመውጫውንም የመግቢያውንም ሥራ በአንድ ቦታ፣ በሚገባበት ሀገር በኩል ስለሚያስጨርስ የአሁኑ ተጓዥ ከቀድሞው የተሻለ ዕድል እንዳለው ጠቀሱ። በመጨረሻም እስኮርታዬንና ክሪኬን እንድፈትሽ፣ የእሳት ማጥፊያና ባለ ሦስት ማዕዘን ማስጠንቀቂያ ሁለት እንድይዝ መከሩኝ፤ ማስጠንቀቂያውን የኬንያ ፖሊስ እንደሚጠይቅም አስረዱ።

11ኛው ጸሐፊ ወጣት ይመስለኛል። ወረቀቱ ሁሉ ቢሟላም እስካሁን ማንም ያላነሣው ዋና ነገር ኬንያ ውስጥ በግራ መነዳቱ መሆኑን አስታወሰ፤ በዚህ ትክክል ነበር። ቀጥሎ ግን ነገሩ በአምስት ደቂቃ የሚለመድ፣ ጎበዝ ሹፌርን ፈጽሞ የማያስጨንቅ መሆኑን ጻፈ።

12ኛው መልስ ለዚህ የተሰጠ ነው፤ ሳነበው ሰውነቴ ተንቀጠቀጠ። ጸሐፊዋ ከባለቤቷ ጋር ናይሮቢ ድረስ ነድተው የተመለሱ ናቸው። በመጀመሪያው ቀን ሰው ሁሉ እንደሚጠነቀቅ፣ ከፊቱ የሚሄዱትን መኪኖች ስለሚከተልም እንደማይሳሳት አስረዱ። አደጋው የሚመጣው በሦስተኛው ቀን፣ ጎህ ሲቀድ፣ ሰው በሌለበት መንገድ ላይ ነው። ናንዩኪ አካባቢ ከነዳጅ ማደያ ወጡ፤ መንገዱ ላይ አንድም መኪና አልነበረም፤ የባለቤታቸው እጅ በለመደው መሪውን ወደ ቀኝ መለሰው። ሁለቱም ምንም አልተሰማቸውም። ከታጠፈው መንገድ ጫፍ አንድ የጭነት መኪና ፊት ለፊት መብራቱን እያበራ ሲመጣ እንኳ ባለቤታቸው የተሳሳተው ያ ሰው ነው ብለው ጥሩምባ ነፉ። የዳኑት የጭነት መኪናው ሹፌር መንገዱን ለቅቆ ወደ ሣሩ ስለወረደ ነው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ከማንኛውም ማደያ፣ ሆቴልና መናፈሻ ሲወጡ ሴትዮዋ ጮክ ብለው ግራ ማለትን ልማድ አደረጉ። አደባባይም እንደዚሁ በሰዓት አቅጣጫ እንደሚዞር፣ ቅድሚያው ከቀኝ ለሚመጣው መሆኑን አስታወሱ። በትውስታቸው አንድም የማጋነን ቃል አላየሁም።

13ኛው መልስ በዚሁ ላይ የቆመ ነው። መሪው በግራ የሆነ የእኛ መኪና በግራ በሚነዳበት ሀገር ሲገባ ሹፌሩ መንገድ ዳር ይቀመጣል፤ ከፊቱ ያለውን መኪና ለመቅደም ሲፈልግ መንገዱን የሚያየው አጠገቡ ያለው ሰው ነው። የክፍያ መንገዱ መስኮትም በተሳፋሪው በኩል ስለሚሆን ገንዘቡን የሚሰጠው ሹፌሩ አይደለም። በተጨማሪ የፊት መብራታችን የተሠራው ለቀኝ መንገድ ነውና አጭሩ መብራት ወደ ቀኝ ያዘነብላል፤ በኬንያ መንገድ ላይ ይህ ማለት ከፊት የሚመጣውን ሰው ዓይን ማጥፋት ነው። ለዚህ መብራቱ ላይ የሚለጠፍ መከለያ አለ። ጸሐፊው በመካኒክነት የሚሠራ ይመስላል፤ ስለ መብራቱ የጻፈው አንድ ገጽ ይሞላል።

14ኛው መልስ 11ኛው ወጣት ተመልሶ የጻፈው ነው። በመጀመሪያ ሴቶች መንገድ ሲፈሩ ወንዱንም ያስፈራሉ የሚል ያልተገባ ነገር ተናግሮ ነበር። ሦስት ሰዎች ወዲያው ተቆጡት። በማግስቱ ቃሉን አጥፍቶ ሴትዮዋን ይቅርታ ጠየቀ፤ እርሱ ራሱ በሰው ሀገር ነድቶ እንደማያውቅም ግልጽ አደረገ። ሳያውቅ እንደሚያውቅ ሰው መጻፉ ነው ያሳዘነኝ፤ ከጥቂት ቀናት በፊት ምክሩን አምኜው ቢሆን ኖሮ ልጆቼን ይዤ ነበር የምወጣው።

15ኛው መልስ ይበልጥ አስቆጣኝ። ጸሐፊው ይህ ሁሉ ዝግጅት ትርፍ እንደሆነ፣ ፖሊስ ሲያስቆም በፓስፖርቱ ውስጥ ጥቂት ገንዘብ አስገብቶ መስጠት እንደሚበቃ መከረ። 16ኛው መልስ የመጣው እንደገና ከናይሮቢው ሰው ነው፤ በዚህ ጊዜ ቃሉ እንደ ቀድሞው ለስላሳ አልነበረም። ኬንያ እ.ኤ.አ. በ2016 ያወጣችው የጉቦ ሕግ የሚቀበለውን ብቻ ሳይሆን የሚሰጠውንም እንደሚቀጣ፣ የውጭ ሀገር ሰሌዳ የያዘ መኪና የሚያሽከረክር ሰው በዚህ ቢያዝ የትራፊክ ጥፋቱ ትንሽ ሆኖ የወንጀል ተከሳሽ እንደሚሆን አስጠነቀቀ። ጥፋት ካለ ጥፋቱን አምኖ ደረሰኝ ያለው ቅጣት መክፈል፣ ጥፋት ከሌለ በትሕትና ማብራሪያ መጠየቅ ብቻ ነው መንገዱ። በመኖሪያ አካባቢ ፍጥነቱ 50 ኪሎ ሜትር መሆኑን፣ የደኅንነት ቀበቶም ከኋላ ወንበር ያሉትን ጭምር እንደሚመለከት ነግሮ፣ እነዚህን ሁለቱን የጠበቀ ሰው ፖሊስ የሚፈራበት ምክንያት ብዙ እንዳልሆነ ጻፈ።

17ኛው መልስ ረጅም ነው። ከኬንያ ቢርቅም የጥያቄዬን መሠረት ስለነካ ከሌሎቹ ሰፋ አድርጌ አቀርበዋለሁ። ጸሐፊዋ አዳማ ተወልዳ ያደገች፣ በሥራዋ ምክንያት በተለያዩ ሀገሮች መኪና እየተከራየች የነዳች ናት። የእኛ ሰው የክፍያ መንገድ ሲባል በር፣ መስኮትና ገንዘብ ተቀባይ እንደሚያስብ፣ ችግሩ ግን በር በሌለበት ቦታ እንደሚጀምር አስረዳች። ዱባይ ውስጥ ሳሊክ የሚባለው ሥርዓት እ.ኤ.አ. ከ2007 ጀምሮ አለ፤ መኪናው ሳይቆም ያልፋል፣ መስተዋቱ ላይ ካለው መለያ ሒሳቡ ይቆረጣል። ለተከራየ ሰው ሒሳቡ የሚመጣው ከኪራይ ድርጅቱ ነው። ጣልያን ውስጥ አውራ ጎዳናው እንደ እኛው ነው፤ ስትገባ ትኬት፣ ስትወጣ ክፍያ። ነገር ግን በአሮጌዎቹ ከተሞች መሐል ፈቃድ የሌለው መኪና የማይገባበት ክልል አለ፤ መግቢያው ላይ በር የለም፣ ካሜራ ብቻ አለ። እርሷ ፍሎረንስ ላይ ሻንጣዋን ሆቴል ለማውረድ ብላ ለአምስት ደቂቃ ገባች። ማንም አላስቆማትም። ከወራት በኋላ ከኪራይ ድርጅቱ፣ ስሟን ለከተማው በማሳወቁ ብቻ፣ የአገልግሎት ሒሳብ ተቆረጠባት፤ ቅጣቱ ራሱ ደግሞ በፖስታ ለብቻው መጣ። ጣልያን የውጭ ሀገር ነዋሪን ለማሳወቅ 360 ቀን ስላላት ሰው ረስቶት ሳለ ነው ደብዳቤው የሚደርሰው። ፈረንሳይ ውስጥም ወደ ኖርማንዲ በሚወስደው ጎዳና ላይ በሮቹ ተነሥተው፣ ያለፈ ሰው በ72 ሰዓት ውስጥ ራሱ ገብቶ እንዲከፍል ተደርጓል። ስዊዘርላንድ ውስጥ ለዓመቱ የሚያገለግል የ40 ፍራንክ ምልክት ይገዛል፤ ለአንድ ቀን የሚሆን የለም። ጎረቤቷ ኦስትሪያ ለአጭር ጊዜ የሚሆን አላት፤ ጀርመን ደግሞ የቤት መኪናን በጎዳናዋ አታስከፍልም። ጸሐፊዋ ከዚህ ሁሉ አንድ ልማድ እንዳወጣች ነገረችኝ፤ ከመነሣቷ በፊት ስለ እያንዳንዱ ሀገር ማን ነው የሚያስከፍለው፣ በምን፣ እስከ መቼ ብላ በወረቀት ትጽፋለች። የአንዱን ሀገር ልምድ ለሌላው መልስ አድርጎ መስጠት፣ በዚህ ክር ውስጥም እንደታየው፣ ሰው ያሳስታል።

እኔም በዚህ ሙሉ በሙሉ እስማማለሁ። ለናይሮቢው መንገድ የእርሷን ሦስት ጥያቄዎች ጽፌ ከ4ኛውና ከ6ኛው መልስ ሞላኋቸው፤ ሦስት መስመር ሆነ።

18ኛው መልስ ከዲላ ነው። ጸሐፊው ስለ ዘመን አቆጣጠር ያነሣው ነገር በማንም አልተጠቀሰም ነበር። የያዘው ማስረጃ የሚያበቃበት ቀን በእኛ አቆጣጠር ብቻ ተጽፎ ስለነበር፣ ከድንበሩ ማዶ ያለው መኮንን በራሳቸው አቆጣጠር ቆጥሮ ወረቀቱ ካበቃ ከሰባት ዓመት በላይ እንደሆነ ደመደመ። መስከረም በእነርሱ ሴፕቴምበር ውስጥ እንደሚጀምርና ዓመቱ በሰባትና በስምንት እንደሚለያይ በሞያሌ ፀሐይ ከአንድ ሰዓት በላይ አስረዳ። ስለዚህ ሊብሬውንም ሌላውንም ማስረጃ አገላብጬ አይቼ፣ በእኛ አቆጣጠር ብቻ የተጻፈ ቀን ካገኘሁ ሁለቱም አቆጣጠር ያለበት የተረጋገጠ ትርጉም እንዳሠራ መከረኝ። ዓለም አቀፍ መንጃ ፈቃድ የሚባለውም የትርጉም ወረቀት ስለሆነ ከዋናው መንጃ ፈቃድ ጋር ካልተያዘ ብቻውን እንደማያገለግል ጨመረ።

ወዲያው መሳቢያዬን ከፍቼ ወረቀቶቼን ጠረጴዛ ላይ ዘረጋኋቸው። በእኛ አቆጣጠር ብቻ የተጻፉ ሁለት ቀኖች አገኘሁ።

19ኛውና የመጨረሻው መልስ ስለ መኪና አልነበረም። ጸሐፊዋ ለሰርግ የሚሄድ ቤተሰብ ባዶ እጁን እንደማይሄድ፣ በርበሬውና ሽሮው ደግሞ በፌስታል ተቋጥሮ እንደሚጫን ታውቃለች። ኬንያ ከኦገስት 28 ቀን 2017 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ፌስታል መሥራትን፣ መሸጥንና መጠቀምን ከልክላለች፤ ሕጉ እስከ አራት ዓመት እስራት ወይም እስከ አራት ሚሊዮን ሽልንግ የሚደርስ ቅጣት አስቀምጧል። ስለዚህ ከመሻገራችን በፊት የዕቃ መጫኛውን፣ የወንበር ኪሱንና የልጆቹን ቦርሳ ሳይቀር ፈትሸን ፌስታሉን ሁሉ እዚሁ እንድንተው አስጠነቀቀችን።

ይህን ለእናቴ አነበብሁላት። ከመርካቶ የመጣ አቡጀዲ ነበራትና በዚያው ቀን ከሰዓት በኋላ በእጇ አራት ከረጢት ሰፋች፤ ሁለቱ ለበርበሬ፣ አንዱ ለሽሮ፣ አንዱ ለቆሎ። ባለቤቴ ከፊት ወንበር ሆና የመንገዱን ክፍያ እንድትከፍልና ከየማደያው ስንወጣ ግራ እንድትል ተስማምተናል፤ ከትናንት ጀምራ ከግቢያችን ስንወጣም ትላለች። ሰኞ ጠዋት ለቢጫ ካርዱ ወደ መድን ድርጅቱ፣ ማክሰኞ ደግሞ ቀኖቹን ለማስተርጎም እሄዳለሁ። የቀረኝ 13ኛው መልስ ሰጪ የጠቀሰው የፊት መብራት መከለያ ብቻ ነው። አዳማ ላይ ሦስት የመለዋወጫ ሱቆች ጠይቄ አላገኘሁም። ሐዋሳ ወይም ሻሸመኔ ውስጥ የሚሸጥበትን ቦታ የሚያውቅ ሰው ካለ ከዚህ በታች ቢጽፍልኝ፣ ስናልፍ ቆመን እንገዛለን።